የሀብቴ ድንኳን የተነሣበት ሳምንት

ከአንኮበር ወጥቶ እንጦጦን ያላየ፣ ወደፊትም የማያይ ብዙ ሰው አለ። እኔ ስመለስ ሁሉም ደጄ እየመጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሰው በጨርቅ ወደ ሰማይ ወጣ የሚሉት እውነት ነው? አንተስ ወጥተሃል? ምን ይመስላል?» ለእያንዳንዱ ስደጋግም ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ዳዊት የደገምሁባትን ፊደል ይዤ፣ ከተነሣሁበት እስከ ተመለስሁበት ቀን በቀን ጻፍሁት። በአፌ ያልነገርኋቸው አንድ ነገር አለ፤ እሱም እዚህ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሜ ራሴን ላሳውቅ። ስሜ ደምሴ ነው፤ ድንኳን ሰፊ ነኝ። ሀብቴ የእኅቴ የአስካለ ባል ነው፤ እሱም ድንኳን ሰፊ ነው። ሁለታችንም ከአንድ ሽማግሌ ሥር ተማርን፤ ከአንድ ገበታ በላን። መርፌ እንዴት እንደሚያዝ ለሀብቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለእንጦጦ ድንኳን ሰፊ የሚፈልግ የቤተ መንግሥት ሰው አንኮበር የመጣ ዕለት ግን እኔ ገመድ ልገዛ ቆላ ወርጄ ነበር፤ ቤት የተገኘው ሀብቴ ነው። ይዘውት ሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ገመድ ሳስብ ኖርሁ። ሰው «ሀብቴ እንዲህ ተሸለመ፣ ሀብቴ እንዲህ ለበሰ» ሲለኝ አፌ «እሰይ፣ እሰይ» ይላል፤ እጄ ግን የያዝሁትን ክር ይበጥሳል። እውነቱን ልጽፍ ተነሥቻለሁና ልናገረው፦ ቀናሁ። በጣም ቀናሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ነጋዴ ከእንጦጦ መጣና የአስካለን ቃል አደረሰኝ። «የሀብቴ ድንኳን በሚመጣው ሐሙስ ይነሣል። እጅግ ፈርቻለሁ። ወንድም ጋሼ፣ ድረስልኝ።»

ድንኳን ይነሣል! ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የድንኳን ሰው የለም። ካስማህን ንቀል፣ ጓዝህን ጠቅልል፣ ከዚህ ውጣ ማለት ነው። ሀብቴ ከቤተ መንግሥት ደጅ ተባረረ! «ምስኪን፣ ምን አግኝቶት ይሆን?» እያልሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ነጋዴው ስስቅ እንዳያየኝ። ያን ዕለት ራት ጣመኝ። ጓዛቸውን የምጭንበት አንድ ተጨማሪ በቅሎም ከጎረቤት ተዋስሁ።

ቅዳሜ

አንኮበርን ጉም ሸፍኗት ወጣሁ። በአንዷ በቅሎ ተቀምጬ ባዶዋን እስባለሁ። የውሰቷ በቅሎ ጠባይዋም የውሰት ነው፤ ስሄድ ትቆማለች፣ ስቆም ትሄዳለች። ዳገቱን ጨርሰን የደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈና ነፋስ ተቀበለን። እኛ አንኮበሮች ገደል ለምደናል፤ አንዱ ወገናችን ሁልጊዜ ተራራ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ሰው የሚደገፈው ነገር አጥቶ ያፍራል።

«የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብዬ የቆምሁበት ደጅ የአንዲት ባልቴት ቤት ሆነ። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚሞቁት ኩበት ነው። ባልቴቷ እሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝና የባቄላ ንፍሮ ሰጡኝ።

«ያቺን በቅሎ ምነው ባዶዋን ታንከራትታታለህ ልጄ?» አሉኝ።

«የእኅቴ ባል ከቤተ መንግሥት ተባሮ ነው እናቴ። ጓዙን ልጭንለት እየሄድሁ ነው።» ፊቴን አጠቆርሁ፤ ብዙም አልከበደኝም።

ባልቴቷ ደረታቸውን ደቁ። ለማያውቁት ለሀብቴ እንባቸው ወጣ። በማግሥቱ ስነሣ አንድ ወፍራም ባና ከአልጋቸው ላይ ገፈው አመጡ። «ለዚያ ለተባረረው ስጥልኝ። እንጦጦ ብርድ ነው አሉ። የወደቀ ሰው ደግሞ ብርድ ይበረታበታል።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልሁና ከመንደሩ ስርቅ ራሴ ለበስሁት።

እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሼ ተነሣሁ። በረሳ ወንዝ ጥር ላይ ከጉልበት አያልፍም። ባዶ የምላት በቅሎ የያዘችው አንድ ነገር ቢኖር የበሶዬን ስልቻ ነበር፤ እሷም ወንዙ መካከል ደርሳ እንደ እመቤት ተኛች። ብጎትት፣ ብለምን፣ ብሳደብ አልሰማ አለች። በመጨረሻ ሁለት ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡና አንዱ በጭራዋ፣ አንዱ በጆሮዋ ይዘው አስነሡልኝ። በሶ የምበጠብጥበት ውሃ አልቸገረኝም፤ ወንዙ ራሱ በጥብጦልኛል። ሦስታችንም በአንድ ቅል ተቀባብለን በላነው፤ ትንሽ አሸዋ ነበረበት።

ጫጫ አደርሁ። ስለ ጫጫ ቁንጫ ከጻፍሁ ወረቀቴ አይበቃም። የአንኮበር ቁንጫ ቢያንስ ሰው ይመርጣል።

ሰኞ

ሸኖ ስደርስ ሰማዩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ያሳደሩኝ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከብቶቹም አብረው ያድራሉና ይሞቃል። ሚስታቸው ጭኮ በቅቤ አቀረበችልኝ፤ በትልቅ ቅልም እርጎ ሰጠችኝ። ከአንኮበር ከወጣሁ ጀምሮ የጠገብሁት እዚያ ነው።

«ወዴት ነው መንገዱ?» አሉኝ ኦቦ ቱፋ።

«እንጦጦ። የእኅቴ ባል ሀብቴ የሚባል ድንኳን ሰፊ አለ። ሐሙስ ድንኳኑ ሊነሣ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ጭናቸውን መቱ። «ያንተ አማች ነው እንዴ! ባለፈው ሳምንት ገብስ ይዤ ወጥቼ ጨርቁን አይቼዋለሁ። ይህን ቤቴን ሦስት ጊዜ ያህላል።»

«የተባረረ ሰው ያን ያህል ድንኳን ምን ያደርግለታል?»

«የምን መባረር? ዋቆ! ወደ ላይ እኮ ነው የሚነሣው፣ ሰውዬ! ወደ ላይ!» ጣታቸውን ወደ ጣራው ቀሰሩ። «አንድ ፈረንጅ መጥቷል። ጨርቅ እንደ ቅል አድርጋችሁ ስፉልኝ፣ የእሳት ትኩሳት ልሙላበት፣ ሰው ይዞ ይወጣል አለ። ቤተ መንግሥት ፈቀደ። ሀብቴ ሰፋው። ‹የሰፋው ሰው ካልተቀመጠበት ማን ያምነዋል?› ተባለና ሐሙስ ከፈረንጁ ጋር የሚወጣው ሀብቴ ራሱ ነው። አገሩ ሁሉ ሊያይ ይሰበሰባል።»

በእጄ የያዝሁት እርጎ ያው እርጎ ነው፤ አፌ ውስጥ ግን ኮመጠጠ። መሬት ላይ ሲበልጠኝ ሦስት ዓመት አልበቃ ብሎት አሁን ደግሞ በሰማይ! ከአንኮበር ይዤው የወጣሁት ደስታ ሁሉ እንደ ቅቤ ቀለጠብኝ።

ኦቦ ቱፋ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ለመያዝ ሞከሩ፤ አልቻሉም። «እንግዲህ ያቺን ባዶ በቅሎ ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ልመለስ አሰብሁ። ነገር ግን ከመንገድ ተመልሼ ለጎረቤቶቼ ምን እላለሁ? ሲወጣ አይቼ ብቃጠል ሳላይ ከምቃጠል ይሻላል ብዬ ቀጠልሁ። እንቅልፍ አልነበረኝምና ከሰንዳፋ ወዲህ በቅሎዬ ላይ አንቀላፋሁ፤ ስነቃ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ነኝ። ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት እንስራዋን አውርዳ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ከቀሚሷ ጫፍ መርፌ አወጣችና እሾሁን አንድ በአንድ ነቀለችልኝ። መርፌዋ ከእኔ መርፌ የተሻለ ነበር። በዚያም ቀናሁ፤ እንግዲህ የደረስሁበትን ተመልከቱ። ለገዳዲ አደርሁ።

ረቡዕ

የካ ስደርስ ወደ ዋሻ ሚካኤል ጎራ ብዬ ተሳለምሁ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጥንት ሰዎች ድንጋዩን እንደ አይብ ቆርሰውታል። ከዚያ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት በወይራና በጽድ ዛፍ መካከል ነው። የአንኮበርን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ዳገት ብሎ አይጠራውም። ጫፉ ላይ ስወጣ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባናው በጠቀመኝ ቁጥር ባልቴቷን እያስታወስሁ አፈርሁ።

እንጦጦ ከተማ ናት ይሏታል፤ ለእኔ ዐይን ግን ድንኳን በድንኳን፣ ጎጆ በጎጆ ነች። እያንዳንዱን ድንኳን ሳልፍ ስፌቱን አየሁ። የሀብቴን እጅ አሥር ቦታ ላይ አወቅሁት። ያምራል፤ ይህን መጻፍ ጥርሴን ያሳክከኛል።

አስካለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ወንድም ጋሼ! መጣህልኝ! ያቺ በቅሎ ደግሞ ለምን ባዶዋን መጣች?»

«ስጦታ ልጭንላችሁ ብዬ ነበር። ቸኩዬ ሳልጭን ወጣሁ።»

ሳቀች፤ ዐይኗ ግን ቀልቷል። «ፈረንጁ ያን ጨርቅ ‹ባሎን› ይለዋል። የሰፈሩ ሴቶች ‹ባሏን› ብለው ሰሙት። ውሃ ስወርድ ‹ባሏን ሊያወጣው ነው አሉ› ይሉና ይንጫጫሉ። የሚወጣውም እውነት ባሌ ነው! ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ባል አለኝ በሰማይ ልል ነው እንግዲህ።»

ሀብቴ ሮጦ መጣ። አልኮራም፤ ቢኮራ በተሻለኝ። እንደ ድሮው «ደምሴ ወንድሜ» ብሎ አቀፈኝና እጄን ይዞ ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ጨርቁ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ሁሉ አቡጀዴ ነው፤ ትኩሳቱ በክሩ መካከል እንዳያመልጥ የተልባ ሙጫ ተቀብቷል። ከታች ሰፊ አፍ አለው፤ አፉ ሥር የብረት ምድጃ፣ ከምድጃው ሥር ከቀርከሃ የተሠራ ቅርጫት ይንጠለጠላል። ፈረንጁ ጢሙ የተለበለበ ቀጭን ሰው ነው፤ አማርኛው ከአሥር ቃል አይበልጥም።

«ዞረህ እይልኝ። ከአንተ ዐይን የሚያመልጥ የለም» አለኝ ሀብቴ።

እኔም ዞርሁ። ስሕተት ፍለጋ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስፌቱን ሁሉ ዳሰስሁ፤ አንድም አጣሁ። በመጨረሻ ጉልላቱ ጋ ደረስሁ።

እዚህ ላይ ሽማግሌው መምህራችን ያስተማሩንን ልንገራችሁ። አንድ ድንኳን ስንጨርስ ከጉልላቱ ሽፋን ሥር አራት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሳንሰፋ እንተዋለን። ጢሱና የሰው ትንፋሽ በዚያ ይወጣል። ሽፋኑ ስለሚደብቃት ከእርሳቸው ተማሪ በቀር የሚያውቃት የለም። መተንፈሻ ይሏታል። «ያልተነፈሰ ድንኳን ባለቤቱን ያፍናል» ይሉን ነበር።

እጄን ከሽፋኑ ሥር ሰደድሁ። አራት ጣቴ ገባ።

ሀብቴ እጁ ለምዶት ትቷታል! ሥራው ሁሉ ትኩሳት መያዝ በሆነ ጨርቅ አናት ላይ የጢስ መውጫ ትቷል። ልቤ ደነገጠች፤ ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አላት።

«ምን አገኘህ?» አለኝ ከወዲያ ማዶ፤ እጄ አሁንም ከሽፋኑ ሥር ነው።

«ምንም። ስፌትህ ያምራል» አልሁት።

ትንፍሽ አላልሁም። ሞቱን አልተመኘሁም፤ የተመኘሁት ጨርቁ በሕዝብ ፊት እንደ ታመመ በሬ ተኝቶ ሲቀር፣ ሰውም ሲስቅ ማየት ነው። ሀብቴ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ገመድ ሊገዛ ቆላ የወረደ ሰው እንዲሆን ፈለግሁ።

ሐሙስ

ሜዳው ጎህ ሲቀድ ሞልቷል። ሹማምንቱ ከድንኳናቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ «ባሏን! ባሏን!» ይላሉ። ከጨርቁ አፍ ሥር ጭድና እርጥብ ሱፍ ተቀጣጠለ። መጀመሪያ ጨርቁ ምንም አላለ፤ እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ጎኑ ተነፋ፣ ሌላው ጎኑ ተከተለ፤ በመጨረሻም ቀና ብሎ ቆመ። ስፌቱ አንድም ቦታ አልሳበም። ሕዝቡ አማተበ። እኔም አማተብሁ፤ እንዲያ ያለ ነገር ዐይቼ አላውቅም። «ይህ የእኔ መሆን ነበረበት» የሚል አንድ ቃል ብቻ በሆዴ ይመላለስ ነበር።

ሀብቴና ፈረንጁ ቅርጫቱ ውስጥ ገቡ። ሠላሳ ያህል ወታደሮች ቅርጫቱ የታሰረበትን ጠፍር ይዘዋል። ፈረንጁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ ለማለት ፈለገ፤ ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያውቀው ግን መጨረሻውን ብቻ ነው። «ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ወታደሮቹም ታዛዦች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የነበረው እልልታ ይሁን ጩኸት አላውቅም። ሀብቴ ከጽዶቹ በላይ ወጣ፣ ከጎጆዎቹ ጢስ በላይ ወጣ፤ ነፋሱም ወደ የካ ወሰደው። ፈረንጁ በየካ ሥር ባለው ሜዳ ላይ እወርዳለሁ ብሎ ነበር፤ ትኩሳቱ እስከዚያ እንደሚያደርስ አስልቷል። መተንፈሻዋን ግን አላሰላትም። ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ጨርቁ እንደ ባዶ ስልቻ ይጨማደድ ጀመር። ፈረንጁ ጭድ ይጨምራል፤ ጨርቁ መጨማደዱን አላቆመም። ከሜዳው በፊት ካለው የወይራ ዛፍ መካከል ገቡና ከዐይናችን ጠፉ።

አስካለ ስትጮህ የሰማሁት ከኋላዬ ነው፤ እኔ ቁልቁለቱን ጀምሬዋለሁና። በቅሎ መኖሩን እንኳ ረሳሁ። እየሮጥሁ ስለት ተሳልሁ፤ «ደርሼ ከነሕይወቱ ካገኘሁት የመተንፈሻዋን ነገር እነግረዋለሁ» እያልሁ።

ከነሕይወቱ አገኘሁት። ፈረንጁ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ በገዛ ቋንቋው ይሳደባል። ሀብቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ግራ ክንዱ ተሰብሯል፣ ከብርድና ከድንጋጤ ይንቀጠቀጣል። የካ ካሉ ቤቶች ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወጡ፤ አንዲት ሴት ትኩስ ወተት በቅል ይዛ ሮጣ መጣች። እኔ ግን ባናውን ከትከሻዬ ገፈፍሁና አለበስሁት።

«ይህ ያንተ ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ አንዲት እናት የላኩልህ ነው» አልሁት።

«እኔን የት ያውቁኛል? ለምን ላኩልኝ?»

«የወደቀ ሰው ብርድ ይበረታበታል ብለው።»

ሀብቴ ዐይኑን ወደ እኔ አነሣ። «እንደምወድቅ በምን አወቁ?» አለኝ።

ቃሬዛውን ጎትቼ አጠገቡ ዘረጋሁ። ልነግረው የተሳልሁትም ነገር እዚያው ቀረ።

ዓርብ

ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ አሰረለት። ሹማምንቱ አልተቆጡም፤ እንዲያውም እስከ የካ መብረሩ ተወርቶ አላለቀም። ወድቆ እንኳ ከፍ አለ! ይህንም አስቤዋለሁ፤ አልደብቅም።

ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተጭኖ መጣ። ሀብቴ ባናውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀመጠና «እኔ እጅ የለኝም። ጉልላቱን አንተ ስፋልኝ» አለኝ። ሽፋኑን ገለጥሁ። መተንፈሻዋ እዚያው ናት። ቀና ብዬ ሳላይ ሰፋኋት፤ ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥብቅ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። እሱም እስክጨርስ እጄን ብቻ ያይ ነበር።

«ጥሩ ሰፋህ» አለኝ። ከዚያ ስለ ላይኛው ያጫውተኝ ጀመር። «የሚገርመው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ድምፅ ነው። የምድሩ ድምፅ ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል። ዶሮ ሲጮህ፣ ሁለት ሴቶች ምንጭ ዳር ሲያሙ፣ ቃል በቃል ትሰማለህ። እነሱ ግን አያውቁም። ጆሮህ ሥር የተቀመጡ ይመስልሃል።»

«ነፋሱስ?»

«ከነፋሱ ጋር ስትሄድ ነፋስ የለም።» በደህናው እጁ ጨርቁን ዳሰሰ። «ነገ ጠዋት ፈረንጁ ጨርቁን በገመድ አስሮ እዚሁ ይሞክረዋል። አንተ ውጣ።»

«እኔ?»

«እኔ በአንድ እጄ ምን እይዛለሁ? ውጣና እይ። ስትመኘው አይቻለሁ።»

የዓርብ ሽሮ ነበር የበላነው። ሦስት ጊዜ አስጨመርሁ።

ቅዳሜ

መውጣት ለምትመኙ ሁሉ የሚያገኛችሁን ልንገራችሁ።

ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከጎጆዎቹ የሚወጣው ጢስ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቅርጫቱ ከወገብ በላይ አይደርስም፤ የምትይዙት ገመድ ብቻ ነው። ወታደሮቹ ከሐሙስ ወዲህ ብልህ ሆነዋል፤ ጠፍሩን ወገባቸው ላይ ሁሉ ጠምጥመውታል። የምትወጡ አይመስላችሁም። ምድር ናት ጥላችሁ የምትወርደው። አናታችሁ በምድጃው ይቃጠላል፣ እግራችሁ ይቀዘቅዛል። የእሳት ብናኝ ይወርዳልና ራሳችሁን ተከናነቡ፤ እኔ ጋቢዬ ሁለት ቦታ ተበሳ። ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ጠግባችሁም አትውጡ። ፈረንጁ ጭድ ሲጨምር ከፍ ትላላችሁ፣ ሲተው ቀስ ብላችሁ ትወርዳላችሁ፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ከዚያ ታያላችሁ። ከታች የፍልውሃው እንፋሎት፣ በስተምሥራቅ የካና የወይራው ዛፍ፣ በሩቁ የዝቋላ ተራራ። አንኮበርን ፈለግኋት፤ አልታየችኝም። የቤተ መንግሥቱ ድንኳኖች ሁሉ፣ ሀብቴ የሰፋቸውና ሌላ ሰው የሰፋቸው፣ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። በዚያ ሰዓት ከሀብቴ በላይ ነበርሁ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ይህ ነው፤ ጣፈጠኝ፣ እውነት ነው የምላችሁ።

ድምፁም ሀብቴ እንዳለው ነበር። ዶሮ ጮኸ። አንድ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ድምፁ ተከትሎ መጣ። ከዚያ የእኅቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠች ያህል። ወደ ታች አየሁ። አስካለና ሀብቴ ከሕዝቡ ተለይተው ሁለቱ ብቻ ቆመዋል፤ እሱ ባናውን ለብሷል፣ ፊቱን ወደ ላይ አንሥቷል።

«ለምን ቦታህን ሰጠኸው?» አለች አስካለ። «አንድ ክንድ ቢኖርህም ትወጣ ነበር። ፈረንጁ አልከለከለህም።»

«ረቡዕ ዕለት እጁን ከሽፋኑ ሥር ከትቶ ቆይቶ ነበር» አለ ሀብቴ። «ምን አገኘህ ብለው ምንም አለኝ። ወይራው ሥር ወድቄ ጨርቁን ቀና ብዬ ሳይ ነው የገባኝ። መተንፈሻዋን ትቻት ነበር። እሱ አግኝቷታል።»

«ወንድሜ? አግኝቶ ዝም አለህ?»

«ትናንት እስኪነግረኝ ጠበቅሁት። ሰፋት እንጂ አልነገረኝም።»

አስካለ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከዚያ፦ «ታዲያ ይህን እያወቅህ ለምን ታወጣዋለህ?»

«ሞልቶበት ነው አስካለ» አለ ሀብቴ። «ይተንፍስ ብዬ ነው።»

ፈረንጁ ጭድ መጨመሩን ተወ። ምድር ወደ እኔ መምጣት ጀመረች፤ በሕይወቴ ከዚያ የቀረበች፣ ከዚያም የዘገየች መሬት አላየሁም። ወታደሮቹ ቅርጫቱን ያዙት። ሕዝቡ እልል አለ። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ሀብቴ መጥቶ ጤነኛ እጁን ሰጠኝና አወረደኝ።

«እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ምን ሰማህ?»

ዐይኑን አላየሁትም። «ምንም አልሰማሁም» አልሁት። «ነፋሱ አላሰማኝም።»

ሀብቴ ቀና ብሎ የጎጆዎቹን ጢስ አየ። ጢሱ አሁንም እንደ ምሰሶ ቆሟል። በእጁም ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አዎ» አለ። «ዛሬ ነፋስ ነበረ።»

መመለሻ

በማግሥቱ ስነሣ ያቺ ባዶ በቅሎ ባዶ አልነበረችም። ሀብቴ በአንድ እጁ፣ ወታደሮች አግዘውት፣ አንድ ጣቃ አቡጀዴ፣ ጨውና ማር ጭኖባታል። ጭነቷን ይዛ አንድም ቀን አልተኛችም፤ በረሳን እንኳ እንደ ደህና በቅሎ ተሻገረች። ለኦቦ ቱፋ ማር ሰጠሁ፤ እንደገና ሳቁብኝ። ደብረ ብርሃን ለባልቴቷ ከአቡጀዴው ቀድጄ አበረከትሁ። «ባናውን ሰጠኸው?» አሉኝ። ሰጠሁት አልኋቸው። «ታዲያ ያ የወደቀው ሰው ተነሣ?» አሉኝ። እሱ መቼም አልወደቀም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ተነሣ ብዬ አለፍሁ።

አንኮበር ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ሁሉ ሰው ስለ እሳቱ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ዝቋላ ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ስለ ድምፁ ግን ለማንም አልነገርሁም። ትናንት አንድ ድንኳን ጨርሼ ጉልላቱ ላይ መተንፈሻዋን ልተው ስል መርፌዬ በእጄ ላይ ቆመች፤ ሽማግሌው መምህራችን የነገሩን ነገር ስለ ድንኳን ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ ይህን ጽፌ በሁለት ቅጂ ገለበጥሁት። አንዱ ለእናንተ ነው። ሁለተኛውን ወደ እንጦጦ ለሚወጣው ነጋዴ ሰጥቻለሁ፤ ሀብቴ ማንበብ ያውቃል።

ሀብቴ ወንድሜ፣ ያን ዕለት ነፋስ አልነበረም።